የተሸወደ ሰው ለምን ሌላውን ይሸውዳል? የሪክሮል ታሪክ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወራው ስለ አንድ ሸወዳ ነው። ጥቂት ወጣቶች እርስ በርስ ለመበሻሸቅ የጀመሩት ተራ ፉገራ ከኢንተርኔት ጓዳ ወጥቶ ፍርድ ቤት፣ ዋይት ሐውስና የበዓል ሰልፍ ድረስ እንዴት እንደደረሰ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሸወዳው ሪክሮል ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሊንክ ይልክላችኋል። «ስትጠብቁት የነበረው ዜና ይኸውላችሁ» ወይም «ይህን ቪዲዮ ገና ማንም አላየውም» ይላችኋል። ትከፍቱታላችሁ። የተባለው ነገር የለም። አጭር የከበሮ ምት ትሰማላችሁ፣ የኪቦርድ ሙዚቃ ይከተላል፣ ከዚያም ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ፀጉሩን ወደ ላይ ያበጠረ ወጣት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ብቅ ይላል። ፊቱ የልጅ ነው። ድምፁ ግን ወፍራም የጎልማሳ ድምፅ ነው። ዘፈኑ የፍቅር መሐላ ነው፤ ለሚወዳት ሴት እንደማይከዳትና እንደማያሳዝናት ቃል ይገባል። እናንተ ደግሞ በዚያው ሰከንድ ተሸውዳችኋል።

ዘፋኙ ሪክ አስትሊ ነው። በ1966 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኝ ኒውተን ለ ዊሎውስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ፒት ዋተርማን የተባለ ፕሮዲውሰር በአንድ የሰፈር ባንድ ውስጥ ሲዘፍን ሰምቶት ለንደን ወደሚገኘው ስቱዲዮው ወሰደው። እዚያ ሻይ እያፈላና ቴፕ እያጫወተ ሥራውን ተማረ። «ኔቨር ጎና ጊቭ ዩ አፕ» የተባለው ዘፈን በ1987 ሲወጣ አስትሊ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ዘፈኑ በእንግሊዝ ለ5 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በ1988 በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። አስትሊ ግን በ1993፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ ከሙዚቃው ዓለም ወጥቶ ልጁን ወደ ማሳደግ ገባ። ሸወዳው ሲጀመር ዘፈኑ 20 ዓመት ሆኖታል፤ የሰርግና የድሮ ሙዚቃ ፕሮግራም ማድመቂያ ከሆነም ቆይቷል።

አሁን ሸወዳው ወደተወለደበት ቦታ እንሂድ። ቦታው ፎርቻን የተባለ ድረ ገጽ ነው። በ2003 የከፈተው ክሪስቶፈር ፑል የተባለ የኒውዮርክ ልጅ ሲሆን ያኔ ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። ገጹ ሁለት ጠባዮች አሉት። ስም አይጠየቅበትም፤ የተጻፈውም አይከርምበትም። አዲስ ነገር በተለጠፈ ቁጥር አሮጌው ወደ ታች ይገፋል፣ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። በዚህ ቦታ አንድ ቀልድ ለነገ እንዲቆይ ከተፈለገ ዛሬ ያየው ሰው ነገ ራሱ እንደገና ሊለጥፈው ይገባል። ያልተደገመ ቀልድ በዚያው ሌሊት ይሞታል። ብዙ የታወቁ ሚሞች፣ ማለትም ከሰው ወደ ሰው እየተቀዱ የሚዞሩ የኢንተርኔት ቀልዶች፣ ከዚያ ገጽ የወጡበት ምክንያት በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል። እዚያ ያሉት ልጆች ከሌላው የተለየ ተሰጥኦ ኖሯቸው አይደለም። ገጹ ራሱ በየሰዓቱ ቀልድ እያበጠረ ሰው ደግሞ ሊለው የወደደውን ብቻ ያስቀር ነበር።

በሊንክ መሸወድ ከሪክሮል በፊትም ነበር፤ ግን ባለጌ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ወጣቶች ጤነኛ የሚመስል ሊንክ እየላኩ የከፈተውን ሰው አስጸያፊ የሰውነት ፎቶ ላይ ይጥሉት ነበር። ፎቶዎቹን በሬዲዮ ልገልጻቸው አልፈልግም፤ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳቸውም። የዚህ ዓይነቱ ቀልድ ጉልበቱም ድክመቱም ያው አንዱ ነገር ነው። ማስደንገጡን በደንብ ያስደነግጣል። የደነገጠው ሰው ግን ይቀፈዋል፣ ይናደዳል፣ ለላከለት ሰው ያለው እምነት ይጎድላል። ለእህቱ ወይም ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው አያስተላልፈውም። ስለዚህ ቀልዱ በጥቂት ተንኮለኞች መካከል ሲዞር ቆየ እንጂ ከዚያ አልወጣም።

የለወጠው ነገር ዳክዬ ነው። ፑል አንድ ጊዜ ለጨዋታ ብሎ በፎርቻን ላይ «ኤግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በተጻፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ «ዳክ» ብሎ እንዲቀይረው አደረገ። እንቁላል ሁሉ ዳክዬ ሆነ ማለት ነው። ኤግሮል የተባለው ምግብም ዳክሮል ሆኖ አረፈው። አንድ ተሳታፊ ጎማ የተገጠመለት የዳክዬ ፎቶ አምጥቶ ይህንኑ ስም ጻፈበት። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ አጓጊ ርዕስ ያለው ሊንክ እየለጠፉ የከፈተውን ሰው ወደ ባለ ጎማው ዳክዬ ይልኩት ጀመር። ዘዴው ከቀድሞው አንድ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚጠብቀው ግን አስጸያፊ ፎቶ መሆኑ ቀርቶ የማይረባ ዳክዬ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ለእኔ ይህ ነው። ከዳክዬው በኋላ የተሸወደው ሰው የሚቆጣበት ነገር የለውም።

ቀጥሎ ዘፈኑ መጣ። በማርች 2007 «ግራንድ ቴፍት አውቶ 4» የተባለው የቪዲዮ ጌም ማስተዋወቂያ ፊልም ተለቀቀ። የጌሙ አፍቃሪዎች ለማየት ሲሻሙ ማስተዋወቂያው ያለበት ድረ ገጽ ተጨናንቆ አልከፍት አለ። ሁሉም ሊንክ ፍለጋ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ነው በፎርቻን ላይ «ማስተዋወቂያው እዚህ አለ» የሚል ሊንክ የተለጠፈው። የከፈቱት ሁሉ የአስትሊ ዘፈን ላይ ወደቁ። ጊዜውን ልብ በሉት። ሸዋጁ የፈጠረው ጉጉት የለም፤ ጉጉቱ በሺዎች ልብ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ። እሱ መንገዱ ላይ ቆሞ አቅጣጫውን ብቻ ቀየረው።

ዘፈኑ ዳክዬውን ያሸነፈበትን ምክንያት ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ፎቶ አንዴ ታይቶ ያበቃል። ዘፈን ግን የመጀመሪያው የከበሮ ምት ከመሰማቱ ይታወቃል፤ ቪዲዮውን ሳያዩት፣ ከሌላ ክፍል ቢሰማ እንኳ ሰው «ወይኔ ተሸወድኩ» ይላል። ሸዋጁም እዚያው አጠገብ ካለ የሚጠብቃት ያችን ሰከንድ ነው። ሁለተኛ፣ ዘፈኑ መጥፎ አይደለም። ዜማው ይይዛል፤ የተሸወደው ሰው ስቆ ከመዝጋቱ በፊት አንድ አዝማች ሰምቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉረው ሊውል ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ለመሸወድ ሙያ አያስፈልግም። ቪዲዮ መሥራት፣ ፎቶ ማቀናበር፣ ኮምፒውተር ማወቅ አይጠይቅም። ሊንክ ኮፒ ማድረግና አንድ አጓጊ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል። ስለዚህ ተሸዋጁ ዘፈኑን በዘጋበት ቅጽበት መሣሪያው በእጁ ገብቷል። በሸዋጁ ላይ መበቀል ባይችል እንኳ ሌላ ያልነቃ ጓደኛ አያጣም። ቁጣ ቢኖረው ኖሮ ይጣላ ነበር፤ ቁጣ ስለሌለው ያስተላልፋል።

በእኛ ዘንድ እንካ ስላንትያን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የእንካ ስላንትያ መነሻው የታወቀ ነው፤ አይቀየርም። የሚቀየረው ቤት መምቻው ላይ የሚመጣው ስድብ ነው። የተሰደበውም ልጅ አይኮርፍም፤ ተራው ደርሷልና የራሱን ይመልሳል። ሚምም እንደዚሁ የማይነካ ክፍልና ሁሉም እንዳሻው የሚለዋውጠው ክፍል አለው። በሪክሮል የማይነካው ዘፈኑ ነው። ማጥመጃው ግን በየቀኑ አዲስ ነው።

2008 የሸወዳው ዓመት ሆነ። በፌብሯሪ ሳይንቶሎጂ የተባለውን የእምነት ድርጅት የሚቃወሙ፣ ከፎርቻን የወጡ ወጣቶች በተለያዩ ከተሞች በድርጅቱ ሕንፃዎች ፊት ሰልፍ ሲወጡ ይህንኑ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። ሊንክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም፤ ቀልዱ በእግሩ መንገድ ላይ ወጣ። በአፕሪል 1፣ እኛም ኤፕሪል ዘ ፉል በምንለው ቀን፣ ዩቲዩብ ራሱ በመግቢያ ገጹ ላይ የደረደራቸውን ቪዲዮዎች በሙሉ ወደ አስትሊ ዘፈን አዞራቸው። በዚያው ወር ሰርቬይ ዩኤስኤ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት ቢያንስ 18 ሚሊዮን አሜሪካውያን አዋቂዎች ሪክሮል መደረጋቸውን ገመተ። በኖቬምበር ደግሞ በኒውዮርክ የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ የልጆች ካርቱን ገጸ ባሕርያትን የጫነ ተሽከርካሪ መድረክ ሌላ ዘፈን ሲያሰማ ቆይቶ በድንገት ያ ከበሮ ተሰማ። ሪክ አስትሊ በአካል ከመድረኩ ወጥቶ ቆመ። በቴሌቪዥን ሰልፉን ይከታተል የነበረው የአገሩ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተሸወደ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀልዱ ችሎት ገባ። በአፕሪል 2010 በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ከተማ፣ የፖለቲከኛዋን የሣራ ፔሊንን ኢሜይል ሰብሮ ገብቷል በተባለ ወጣት ላይ ክርክር ሲደረግ ክሪስቶፈር ፑል ለዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀረበ። የፎርቻን ልጆች የሚነጋገሩባቸውን ቃላት እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ሪክሮልም ተነሣ። ፑል ሰዎች በሐሰት ሊንክ ወደ አንድ ዘፋኝ ቪዲዮ እንዴት እንደሚላኩ በመሐላ አስረዳ፤ ቃሉም በመዝገብ ሰፈረ። በጁላይ 2011 ደግሞ የዋይት ሐውስ የትዊተር ገጽ ስለ በጀት ከሰዎች ጋር ጥያቄና መልስ ሲያደርግ አንድ ተሳታፊ ወሬው አሰልቺ እንደሆነ ጻፈ። ገጹም የሚያዝናና ነገር ብሎ ሊንክ ላከለት። ሊንኩ ምን እንደነበር ገምታችኋል።

በዚህ ሁሉ መካከል አስትሊ ራሱ ምን ይሰማው ነበር? እሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ነገሩን ያወቀው ጣሊያን ለእረፍት ሄዶ ሳለ ነው። አንድ ጓደኛው በኢሜይል ሊንክ ይልክለታል፤ ሲከፍተው የራሱ ዘፈን ነው። እንደገና ይልክለታል፣ አሁንም ያው። ግራ ቢገባው ደወለለትና ምን ሆነሃል አለው። ጓደኛው ሳቀና አስረዳው። ያኔ በአፍላ ዕድሜ ላይ የነበረችው ልጁ የሰጠችው ምክር ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ይህ ነገር ከአንተ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ታውቃለህ አይደል ብላ ጠየቀችው። እውነቷን ነው። ሰዎቹ አስትሊን እየሰደቡት አልነበረም፤ የእሱ ፊት የጨዋታው ምልክት ሆኖ ነበር እንጂ። እሱም ይህን ተቀበለ። አልከሰሰም፣ አላኮረፈም፣ ቲሸርት አሳትሞ ለመነገድም አልተጣደፈም። ከዘፈኑ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዋተርማን በ2009 ዘፈኑ በዩቲዩብ በሚሊዮኖች ሲታይ ለእሱ የደረሰው 11 ፓውንድ ብቻ እንደሆነ በምሬት ተናግሮ ነበር፤ ቫይራል መሆንና ገንዘብ ማግኘት በዚያ ዘመን የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። አስትሊ ግን ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2016 ያወጣው አልበም በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። በ2021 ቪዲዮው በዩቲዩብ 1 ቢሊዮን ጊዜ ታየ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው አስትሊን ድሮ ከመድረክ ጀርባ አግኝቶት እንደነበር እየነገረው ፎቶ ነው ያለውን ሊንክ ሰጠው። አስትሊ ከፈተው። ባለቤቱ ራሱ በራሱ ዘፈን ተሸወደ።

ሁሉም ግን እንዲህ በሳቅ አያልቅም። በካናዳ ኩዊቤክ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በ2002 በትምህርት ቤቱ ስቱዲዮ ብቻውን ሆኖ የስታር ዋርስ ፊልምን የሰይፍ ፍልሚያ በዱላ እየተወነ ራሱን ቀረጸ። ለማንም ሊያሳየው አላሰበም። በ2003 የክፍል ጓደኞቹ ካሴቱን አገኙና ለሳቅ ብለው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ሚሊዮኖች አዩት፤ ብዙዎች ሙዚቃና ብርሃን እየጨመሩ አቀናበሩት። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ እስኪያቅተው ተሳለቁበት። ቤተሰቡ የለቀቁትን ልጆች ቤተሰቦች ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2006 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ልጁ አድጎ በ2013 ስለደረሰበት በአደባባይ ሲናገር፣ ራስህን ግደል ያሉትም እንደነበሩ ገለጸ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን እንዳስቀመጥኩላችሁ አስቡባቸው፤ በተለይ ልጆች ያላችሁ። ሁለቱም ፉገራ ነው ተብለው ተጀመሩ፤ ሁለቱም ቫይራል ሆኑ። በሪክሮል የሚሳቅበት ሊንኩን የከፈተው ሰው ነው። እሱም ነገ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ተራው ይዞራል። በኩዊቤኩ ቪዲዮ ግን ተራ የለም። የሚሳቅበት ሁልጊዜ ያ አንድ ልጅ ነው። አስትሊ ወዶ ካሜራ ፊት የቆመ አዋቂ ዘፋኝ ነበር፤ ልጁ ግን የተደበቀ ጨዋታው ከእጁ ተሰርቆ ነው። «ቀልድ እኮ ነው» የሚለው መከላከያ በእንዲህ ያለው ላይ አይሠራም። ስለዚህ በክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የአንድ ተማሪ ቪዲዮ ሲዞር ያየ አስተማሪ ወይም ወላጅ ቀልዱ ያስቃል ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት በውስጡ ያለው ልጅ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቅ።

ጥንቃቄ ያለበት ፉገራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ በአፕሪል 2021 በአሜሪካ ኢሊኖይ የሆነው ደስ ይላል። ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በወረዳቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች ክፍሎችና ኮሪደሮች ውስጥ የተሰቀሉትን የቴሌቪዥን ስክሪኖች በአንድ ጊዜ ተቆጣጥረው የአስትሊን ዘፈን ለቀቁባቸው። ፈተና እንዳይረበሽ ጊዜውን አስበው መረጡ። ሲጨርሱ ሁሉን ወደነበረበት መለሱና የአውታረ መረቡን ክፍተቶች የሚዘረዝር 26 ገጽ ሪፖርት ለአስተዳደሩ ላኩ። አስተዳደሩም አልቀጣቸውም፤ አመሰገናቸው።

በተቃራኒው በኖቬምበር 2009 በአውስትራሊያ አንድ ወጣት የአይፎን ቫይረስ ሠርቶ ለቀቀ። የተያዙት ባለቤቶቻቸው የፋብሪካውን ገደብ ሰብረው ከፍተዋቸው፣ ነገር ግን አብሮ የመጣውን የይለፍ ቃል ያልቀየሯቸው ስልኮች ናቸው። ቫይረሱ የስልኩን ገጽ ምስል በሪክ አስትሊ ፎቶ ከመተካት ያለፈ ጉዳት አልነበረውም፤ ቀልድ ነው ተባለ። በዚያው ወር ግን ሌሎች ያንኑ ክፍተት ተጠቅመው የኔዘርላንድ የባንክ ደንበኞችን ምስጢር የሚሰርቅ ቫይረስ ለቀቁ። ቀልደኛው ባሳየው በር ሌባ ገባ።

ወደ እኛ ስልኮች የሚያመጣን ይህ ነው። የሪክሮልና የሌባ ሊንክ አሠራር እስከመጨረሻው ገጽ ድረስ አንድ ነው፤ የምትጓጉለት ነገር ይጻፋል፣ መድረሻው ይደበቃል። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ አንዱ ዘፈን ይጋብዛችኋል፣ ሌላው የስልክ ቁጥርና ኮድ ይጠይቃችኋል። «ነፃ ፓኬጅ ያግኙ»፣ «ለውጭ አገር ሥራ ተመርጠዋል»፣ «ጓደኛዎ ለውድድር ድምፅ ይስጡኝ ብሏል» የሚሉትን አስታውሱ።

ስለዚህ ሊንክ ሲደርሳችሁ ከመንካት ይልቅ ጣታችሁን ላዩ ላይ ያዝ አድርጉት፤ ብዙ ስልኮች ሙሉ አድራሻውን ያሳያሉ። ከአድራሻው ውስጥ የምታነቡት ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት ያለውን ክፍል ነው፤ የምትሄዱበት ድረ ገጽ ስም እዚያው መጨረሻ ላይ ይገኛል። የታወቀ ድርጅት ስም ከፊት ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። ቴሌግራም ላይ ከቃል በስተጀርባ የተደበቀ ሊንክ ስትነኩ ትክክለኛውን አድራሻ አሳይቶ «ልክፈተው ወይ» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ያችን ጥያቄ ሳታነቡ አትለፏት። በወረቀት ላይ የታተመ ኪውአር ኮድም ሊንክ ነው፤ ስካን ስታደርጉት መጀመሪያ አድራሻውን ተመልከቱ።

ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ከተከፈተባችሁ ዝጉት። በቴክስት ወይም በቴሌግራም የደረሳችሁን የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ቀድማችሁ አስገብታችሁ ከሆነ አሁኑኑ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁትን ስልክ ወይም ኮምፒውተር አስወጡ፣ ከዚያ በፕራይቬሲ ሥር ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብታችሁ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ለዘመዶቻችሁም በእናንተ ስም ገንዘብ የጠየቀ መልእክት ከደረሳቸው እንዳይልኩ ደውላችሁ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ዝግጅት የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ እንነጋገራለን።